ስትወርዱ ንገሩኝ

የምርጫው ዕለት ጠዋት ደረጃውን የወጣሁት እየተራገምኩ ነው። የማኅበራችን ቢሮ ቤቴል አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍት የለውም። የእጅ መደገፊያውም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይታዘዘኝም፤ የምሄደው በክራንች ነው። ስለዚህ ያንን ደረጃ ከሠራው ግንበኛ በላይ አውቀዋለሁ፤ የትኛው እንደተሸረፈ፣ የትኛው ውሃ እንደሚያቁር፣ የትኛው ላይ ቆሞ መተንፈስ እንደሚቻል። ዓለም ባንክ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እሷን ዘግቼ ለአገልግሎት እዚያ እወጣለሁ።

ማኅበራችን የመብት ማኅበር ነው። አከራዩ ዕቃውን ውጭ የበተነበት ይመጣል፤ አሠሪዋ በአፍ ብቻ ያባረራት ትመጣለች፤ ልጇን ትምህርት ቤት አልቀበልም ያላት እናት ትመጣለች። እኛ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ አብረን እንሄዳለን፣ “ነገ ተመለሱ” ስንባል ነገ እንመለሳለን። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ቦርዱም የሚያገለግለው በነፃ ነው። ያም ሆኖ አንድ የቦርድ ወንበር ሲለቀቅ ሰው ሹመት የመጣ ያህል ይጓጓል። መጓጓቱን ግን ማንም ከአፉ አያወጣም።

እኔ አወጣሁት። ምክንያት ነበረኝ።

ከምርጫው በፊት በነበረው ክረምት አንድ ቅዳሜ ሥራ ጨርሼ ስወርድ፣ ከደረጃው ሥር አንድ ሰው በዊልቸር ተቀምጦ ወደ ላይ ይጣራል። “ሰው አለ? የመብት ማኅበሮች!” ይላል፤ የታክሲ ወያሎቹ “አየር ጤና! አየር ጤና!” ጩኸት ድምፁን ይውጠዋል። ሞባይል ጠጋኝ ነው። በረንዳው ላይ የሚሠራበት ሕንፃ ባለቤት፣ ዊልቸሩ የሚወጣበትን ተዳፋት አፍርሶ በምትኩ ደረጃ ሠርቶበታል፤ “ሌላ ቦታ ፈልግ” ብሎታል። “ቆይ፣ ወጥቼ ሰው ልጥራልህ” አልኩት። ደረጃውን አየ፣ ክራንቼን አየ፣ ሳቀ።

“አይ እህቴ፣ አንቺንማ ደግሜ አላስወጣሽም። ይልቅ ስትወርዱ ንገሩኝ” አለኝና ጎማውን አዙሮ ሄደ።

ተንገበገብኩ። አንድ የመብት ማኅበር የሚፈልገው ሰው ከሥሩ ሆኖ እየጮኸ አይሰማም ማለት ነው። ሕንፃው ምድር ላይ ካለው ካፌ ጀርባ ባዶ ክፍል እንዳለ አውቅ ስለነበር፣ ቢሮው ወደዚያ ይውረድ ብዬ ለቦርዱ ነገርኩ። “እናስብበታለን” አሉኝ። ክረምቱ አለፈ፤ እነሱ ያስባሉ። እኔ ደግሞ የሚያስቡት መሀል ገብቼ መቀመጥ እንዳለብኝ ወሰንኩ።

ምርጫው የሚካሄድበት አዳራሽም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ምርጫውን የምትመራው በቅርቡ የተመረቀች ጠበቃ ነበረች፤ ጎበዝ፣ ፈጣን፣ መተዳደሪያ ደንቡን በቃሏ የምታውቅ። “ጥቆማ” ስትል እጄን አወጣሁ።

“ማንን ነው የሚጠቁሙት እትዬ?”

“ራሴን።”

ከኋላ አንዱ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ “ኧረ በስመ አብ” ስትል ሰማኋት። ጠበቃዋ ደንቡን ገለጥ ገለጥ አደረገችና “አይከለክልም” ብላ ስሜን ነጭ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ጽሑፉ ትልቅ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ጋሼ ተጠቆሙ። ጋሼ ቀራንዮ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱ። ከአዳራሹ ግማሹን አስተምረውታል፤ ሲናገሩ ክራቫታቸውን የመነካካት ልማድ አላቸው። ስማቸው ሲጠራ ተነሡና ክራቫታቸውን ነካ አደረጉ።

“እናንተ፣ እኔን ተዉኝ። ደክሞኛል። ለወጣቶቹ እንልቀቅ” አሉ።

እዚህ አገር የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። “ኧረ ጋሼ፣ እንዴት ተደርጎ!” ይባላል። እሳቸው እንደገና እምቢ ይላሉ። እንደገና ይለመናሉ። በመጨረሻ “እንግዲህ ካላችሁ ምን ይደረጋል” ብለው ይቀመጣሉ፤ ይጨበጨባል። እኛ ሹመት የምንቀበለው እየሸሸን ነው።

ሰው አፉን ሳይከፍት ግን ጠበቃዋ ቀደመችው። “እናመሰግናለን ጋሼ። ፍላጎትዎን እናከብራለን” አለችና ስማቸውን በመዳፏ ከሰሌዳው ላይ አጠፋችው። “ሌላ ጥቆማ?”

ጋሼ ለአፍታ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡና መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ሁሉም የሆነውን አይቷል፤ ማንም አይናገርም። ቢናገር ጋሼ እምቢ ያሉት የምር አልነበረም ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ በሰው ፊት እንዴት ይባላል? ሌላ ጥቆማ አልመጣም። ሰሌዳው ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዝም ብል ወንበሩ የእኔ ነበር። ክፉ ሐሳብ አልመጣብኝም አልልም፤ “እሰይ” ብያለሁ በሆዴ። ወዲያው ግን ቀጣዩ ታየኝ። ቢሮው ይውረድ ባልኩ ቁጥር “ጋሼ ባይተዉላት መቼ ትገባ ነበር” ይባላል፤ ቢሮውም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይቀራል። የጋሼም ፊት አሳዘነኝ። ደግሞስ ማን ፈርቶ? እንደማሸንፋቸው እርግጠኛ ነበርኩ።

“ይቅርታ” አልኩ፣ “ጋሼ እምቢ አላሉም።”

“ብለዋል እኮ፤ ሁላችንም ሰምተናል” አለች ጠበቃዋ።

“ብለዋል። ያሉት ግን እንድንለምናቸው ነው። እኛ ደግሞ ሳንለምን ቀረን።” ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ወደ ጋሼ ዞርኩ። “ስለዚህ እኔ እለምንዎታለሁ። ጋሼ፣ በሞቴ ይወዳደሩ። ላሸንፍዎት እፈልጋለሁ።”

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። “በሞቴ ከተባለማ ምን ይደረጋል” ብለው ተነሡ። ጠበቃዋ ግራ ገብቷት “ደንቡ ላይ ልመና የሚል ነገር የለም” እያለች ስማቸውን መልሳ ጻፈችው፤ ትንሽ ቆይታ እሷም ሳቀች።

ሁለታችንም ተናገርን። እኔ ስለ ሞባይል ጠጋኙ ነገርኳቸው፤ “ስትወርዱ ንገሩኝ” ማለቱንም። ጋሼም ያቀረቡት የዋዛ መከራከሪያ አልነበረም። “ባሏ የደበደባት ሴት በካፌ በኩል ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ ያያታል። ላይ መሆናችን ሰውን ሸፍኖልናል” አሉ። እውነታቸውን ነበር። “ክፍሉ በጎን በኩል የራሱ በር አለው፤ ሄጄ አይቻለሁ። ደረጃ ስትወጣ የምትታየውን ያህል እንኳ አትታይም” አልኩ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱ ፊቱን አጨፈገገ።

እጅ ሲቆጠር ዕጩዎች ውጭ ይቆያሉ። ውጭ ማለት ደረጃው አናት ነው። ክራንቼን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ስቆም ጋሼ ተመልሰው ገቡና ወንበር ይዘውልኝ መጡ። እሳቸው ቆመው ደረጃውን ቁልቁል ያዩ ነበር።

“ዝናብ ሲሆን እንዴት ነው የምትወርጂው?” አሉኝ።

“ተቀምጬ።”

“ምን ማለት ነው ተቀምጬ?”

“አንዱ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ ወዳለው እንሸራተታለሁ። ክራንቹን ቀድሜ እሰደዋለሁ።”

ጋሼ ክራቫታቸውን ነኩ። “ይህን ሁሉ ዓመት ይህንኑ ደረጃ ስወርድ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም” አሉ።

በጥቂት እጅ ብልጫ አሸነፍኩ። ጋሼ ከማንም ቀድመው ጨበጡኝ፤ “ይገባሻል፤ አፍሽን ግን ትንሽ ያዝ አድርጊ” አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ እስካሁን ግን አልያዝኩም።

ቦርዱ ሲሰበሰብ ወደ ላይ አልወጣሁም። ሥር ካለው ካፌ ቁጭ ብዬ ደወልኩላቸው። “ስብሰባው እዚህ ነው፤ ውረዱ” አልኳቸው። እያጉረመረሙ ወረዱ። ጎን ያለውን በር ከፍቼ ክፍሉን አሳየኋቸው፤ የሲሚንቶ ሽታ አለው እንጂ ሰፊ ነው። ለመስማማት ብዙ አልፈጀብንም። ታፔላውን ከላይ ነቅለው ያወረዱት ጋሼ ናቸው፤ አግዙኝ እንኳ አላሉም።

ሞባይል ጠጋኙን ፈልጌ አገኘሁት። አንድ አጥር ጥግ ዣንጥላ ዘርግቶ ይሠራል። “ወረድን” አልኩት። ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት፤ ክራንቼን ሲያይ ትዝ አለው።

ቅዳሜ መጣ። ጋሼ እንደ ወትሯቸው ሰው ለመቀበል ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል፣ ጠበቃዋም አለች፣ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ደረቴን ነፍቻለሁ። ዊልቸሩ በጎን በኩል ዞሮ መጣና በሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። የበሩ ደፍ! የአንድ ጡብ ከፍታ ያላት ደፍ። ይህን ያህል ጊዜ ስንገባ ስንወጣ ከመካከላችን ያያት የለም። እኔም እንኳ በክራንቼ እየተሻገርኳት አላየኋትም።

ሰውየው ደፏን አየ፣ እኛን አንድ በአንድ አየን።

“ትንሽ ቀርቷችኋል” አለ።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ገና ያልተሰቀለውን ታፔላ ግድግዳ ላይ ከተደገፈበት አነሡትና ደፏ ላይ አጋደሙት። ሰውየውም በማኅበራችን ስም ላይ ዊልቸሩን እየነዳ ገባ።