የቸርኬ አበቦች

አጎቴ ጎሚስታ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ቸርኬ» ይለዋል፤ እኔም ሲብስብኝ እንደዚያው እለዋለሁ። አበባ የሚተክለው ባረጀ ጎማ ውስጥ ስለሆነ ግቢያችን የተገጨ የጭነት መኪና ነው የሚመስለው።

እንደ ሰው ጽጌረዳ ቢተክል ምን ነበረበት! እሱ የሚወደው ጉዱን ነው፤ የወፍ አፍ የመሰለውን፣ ሲነኩት የሚኮማተረውን፣ ጠዋት ነጭ ሆኖ ከሰዓት የሚቀላውን።

ይሄ ሁሉ ታዲያ ለሚስቱ ነው። እትዬ የሆቴል ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ክዳን ሳትከፍት የሽንኩርቱን መብሰል በአፍንጫዋ የምታውቅ። አንድ ክፉ ጉንፋን ያዛትና ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። ድስቱ እያረረ ሲያስቸግራት ሥራዋን ተወች፤ ሳቋንም አብራ ተወችው። ሐኪሙ «እያሸተተች ትለማመድ፤ ሊመለስላት ይችላል» ካለ ወዲህ አጎቴ ያገኘውን አበባ ሁሉ አፍንጫዋ ሥር ይደቅናል።

«ይሸትሻል?»

«ያምራል» ትለዋለች፣ እንዳይከፋው።

በቀደም ሳሎኑ ገማ። ግማት ብቻ አይደለም፣ አናት የሚበጥስ! አይጥ ሞቶ ነው ብዬ ሶፋውን ገለበጥኩ፤ ቁም ሳጥኑን ብቻዬን ስጎትት ወገቤ ቅንጥስ አለ። ለካስ አጎቴ እዚያው ሳሎን መስኮቱ ሥር ካስቀመጠው ጎማ ውስጥ አንድ እሾህ አልባ ቁልቋል መሳይ ተክል አብቦ ኖሯል፤ አበባው እንደ ኮከብ አምስት ጫፍ ያለው፣ ጉበት የመሰለ፣ ጸጉራም። ዝንብ ወሮታል።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይሄን ጥንብ አንሳልኝ!»

«ስንት ጊዜ የጠበቅኩት ነው እኮ! እስቲ መልኩን እዪው።»

«መልኩንማ ዝንቦቹ አዩልህ!»

አንገቱን ደፍቶ ጎማውን ወደ ውጪ በር መጎተት ጀመረ። ለእትዬ ሊያሳያት እንኳ አላሰበም፤ የሚገማ ነገር እንዴት ብሎ ያቅርብላት!

ይሄኔ እትዬ ፊቷን ቋጥራ ከጓዳ ወጣች።

«ምንድነው የሞተው?»

አጎቴ ጎማውን ለቀቀው። «ምን አልሽ?»

«ገማኝ እኮ ነው የምልህ! አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ምን አምጥተህ ነው...»

አልጨረሰችውም። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀስ ብላ መጥታ ጎማው አጠገብ ተንበረከከችና ፊቷን ዝንቦቹ መሃል አስገብታ በረጅሙ ሳበች። አቅለሸለሻት። እንደገና ሳበች።

«በስማም፣ ሲገማ!» አለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች።

አጎቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ከእሷ ብሶ ተንሰቀሰቀ። እኔም አፍንጫዬን እንደያዝኩ አለቀስኩ።