የግራ መስመሩ ቀይ ቆርኪ

ፈረስ መጋላ ካፌ ተቀምጬ፣ ታላቅ ወንድሜ ባጃጁን አቁሞ እስኪገባ እጠብቃለሁ። አስተናጋጇ ለስላሳ ስትከፍት ቆርኪው አምልጧት ወለሉ ላይ እየጮኸ ተንከባለለና እግሬ ሥር ቆመ። ቲቪው የብሔራዊ ቡድኑን አሰላለፍ ያሳያል። ቆርኪውን ሳየው አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ምን ልበላችሁ፣ ተጠራጣሪ ሰው ነበር። ወተት እንኳ ሁለቴ ሳያሸት አይገዛም። በኳስማ ይብስበታል። ብሔራዊ ቡድኑ የሚጫወት ቀን ሸዋ በር አጠገብ ባለው ቤታችን በርበሬ በርበሬ የሚሸተውን ትሪ ገልብጦ ያጠራቀማቸውን የለስላሳ ቆርኪዎች እንደ አሰላለፉ ይደረድርና፣ አሰልጣኙ ለማን እንዳደላ ይመረምራል። ቆርኪዎቹ ትሪው ላይ ሲፋቁ ድምፃቸው ይሰቀጥጠኝ ነበር። አሁን ያ ድምፅ ይናፍቀኛል።

ወንድሜ ለብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ አባቴ ቀይ ቆርኪ ፈልጎ ግራ መስመር ተከላካይ ቦታ ላይ አስቀመጠለት። ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። የጨዋታው ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ መጣ።

"ወላሂ ዛሬ ልጃችንን እናየዋለን" አለ።

አሰላለፉ ሲነበብ የወንድሜ ስም የለም። ተጠባባቂዎቹ ውስጥም የለም። አባቴ ቀዩን ቆርኪ በጣቱ እንደያዘ ቀረ።

ጨዋታው እንዳለቀ ወንድሜ ደወለ። "አባባ፣ አሰልጣኙ በሦስት ተከላካይ ገባ። የእኔ ቦታ ጠፋ" አለ።

አባቴ ስልኩን ዘግቶ ቆርኪዎቹን እንደ አዲስ ደረደረ። ሦስቱን ከኋላ አደረገና የሜዳውን ግራ ዳር በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"በሦስት ተከላካይ የሚጫወት ሰው ዳሩን ከላይ እስከ ታች የሚሮጥለት ልጅ የግድ ይፈልጋል። ከልጄ በላይ ሯጭ ማን አለ? እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።"

ያን ሳምንት ያልጠረጠርነው ሰው የለም። አሰልጣኙን፣ በወንድሜ ቦታ የገባውን ልጅ፣ የማናውቀውን የልጁን አጎት ሳይቀር። እኔም አብሬው ጠላት ስፈልግ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ወንድሜ ሲመለስ ሸዋ በር ሚኒባሱ ጋ ሄደን ተቀበልነው። የመኪናውን በር በሁለት እጁ ይዞ መጀመሪያ ቀኝ እግሩን አወረደ። ግራውን ቆይቶ፣ በጥንቃቄ አስከተለ። ከዚያ ሳቀና አቀፈን። አባቴ ሻንጣውን ተቀብሎ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ቀረ፤ አረማመዱን ከኋላው ሆኖ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ግራ ጉልበቱን አያምነውም። ተጎድቶ ነው ያልገባው። ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ እንዳላፍር ብሎ ነው የዋሸኝ። አንቺም ዝም በይ።"

በማግስቱ ልብስ ሰፊው መጣና "አቦ፣ ልጁ ምን ሆኖ ነው ያልተሰለፈው?" ብሎ ጠየቀ።

"አሰልጣኙ ነዋ" አለ አባቴ፣ ጓዳ ያለው ወንድሜ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ሰውየው ልጄን ጠምዶ ይዞታል።"

ወተት ሳያሸት የማይገዛ ሰው፣ ውሸት መሆኑን እያወቀ ይህን ነገር እስኪሞት ድረስ ደጋገመው። ምስኪኑ አሰልጣኝ በከንቱ ተሰደበ። የወንድሜ ጉልበት አልዳነም፤ ወደ ቡድኑም አልተመለሰም።

አሁን ወንድሜ ባጃጁን አቁሞ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። ቆርኪውን ከወለሉ አንስቶ በጣቶቹ ሲያገላብጠው ቆየ።

"አባባ የጉልበቴን ነገር ሳያውቅ ነው አይደል የሞተው?" አለኝ።

ዓይን ዓይኔን እያየ ይመረምረኛል። እሱም የዚያው ሰው ልጅ ነው።

"እስከ መጨረሻው አሰልጣኙን ነበር የሚሰድበው" አልኩት።

ቆርኪውን ጠረጴዛው ግራ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ወደ ቲቪው ዞረ። አላመነኝም መሰለኝ። ግን እሱም እንደ አባባ እያወቀ ተወው።