የእኔ ደመወዝ በወንድሜ ስም

የደረቅ ቡና ገለባ ሽታ አሁንም ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ዛሬ እንኳ አንድ አይሱዙ ገለባ ጭኖ በደጃችን ሲያልፍ ሳል ያዘኝ። ቅድም፣ ልጄ፣ "ፖሊስ መሆን ይሻላል ፋብሪካ መግባት?" ብለሽ ጠይቀሽኝ አልነበር? እንግዲህ ቁጭ በይና ስሚ፤ እኛ ቤት ሁለቱም ነበሩ።

ወንድሜ አጋሮ ላይ ፖሊስ ነበር። እኔ ደግሞ እዚያው ቡና ማበጠሪያ ፋብሪካ ውስጥ ለቃሚ ነበርኩ፤ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ሥራችን በሚሽከረከረው ላስቲክ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ከሚያልፈው ቡና ጥቁር ጥቁሩን መልቀም ነው። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ይደፍናል። በቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ውስጥ አቧራው ሲንሳፈፍ አሁንም ይታየኛል። ዓይን ይቀላል፣ ወገብ ይቆረጣል። ወንድሜም ጥበቃ ቆሞ ከዋለበት መጥቶ ጫማውን እያወለቀ "አቦ፣ እግሬ አልቋል!" ይለኛል።

አንድ የቡና ወቅት ላይ ሁለታችንም በአንድ ቀን ደመወዝ ተቀብለን ገባንና አልጋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥነው። የእኔ በለጠ። መጀመሪያ ሳቀ። "ወይ ጉድ! ክላሽ ተሸክሜ በለቃሚ ልበለጥ?" ከዚያ የራሱን ብር አጥፎ ኪሱ ከተተ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ክረምት ገብቶ ፋብሪካው ሲዘጋ ኪራዩንም ምግቡንም የሚችለው እሱ ነበር። የእኔ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል፤ የእሱ ትንሽም ብትሆን አትቀርም። ከእሷ ተርፎ ግን ሸቤ ላለችው እናታችን የሚላክ ሰባራ ሳንቲም የለም።

እናታችን ደግሞ ለገበያው ሁሉ "ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ነው" ብላ አውርታለች። ወንድሜ መሬት መሬት እያየ "አንቺው ላኪላት፣ ግን ከወንድሜ ነው በያት" አለኝ። እሺ አልኩ። ምን ቸገረኝ፣ ብሩ ከደረሰ አይበቃም ወይ ብዬ።

አልበቃም። ለአረፋ ስኳርና ሻሽ ይዤ ስሄድ እጆቿን ዘርግታ "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አላህ ይጠብቅህ፣ ከፍ ያድርግህ" እያለች ለእሱ ብቻ ዱዓ ታደርጋለች። እኔን "አንቺስ እስከ መቼ ነው አቧራ ውስጥ?" ትለኛለች። ወላሂ ያንገበግበኝ ነበር። ብሩ አልነበረም የቆጨኝ፤ ያንን ዱዓ አንድ ቀን ለእኔ እንድታደርግልኝ ነበር የምፈልገው።

ዓመታት እንዲሁ ሄዱ። ታማ የተኛች ጊዜ ሁለታችንም አጠገቧ ተቀመጥን። የእሱን እጅ ይዛ "ያኖርከኝ አንተ ነህ" አለችው። ወንድሜ አላስቻለውም። "እማ፣ እኔ አይደለሁም። ስትልክልሽ የኖረችው እሷ ናት" አላት።

እናቴ በደከመ ፊቷ ፈገግ አለች። "አየሽው? ለእህቱ ክብር ሲሰጥ! ድሮም ደግ ነው" አለችኝ። ከዚያ በሌላ እጇ ራሴን ዳሰስ አድርጋ "አንቺንም አላህ እንደ እሱ ያድርግሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" አለች።

ወንድሜ እንደገና ሊናገር ሲል በዓይኔ ተው አልኩት። ለእኔ ያደረገችው የመጀመሪያ ዱዓ ነበር፤ ያችኑም እንዳያበላሽብኝ ፈራሁ።

"አሚን" አልኳት።