የአዴ በቀለች ተከራይ

አጵሎስ ከሆሳዕና ወጥቶ ሰበታ የገባው ቀድሞ እዚያ የተቀጠረው የአጎቱ ልጅ ዮአብ "ፋብሪካው ሰው እየቀጠረ ነው፣ ቶሎ ና" ብሎ ስለደወለለት ነው። ቆዳ ማልፊያ ፋብሪካ ነበር። እሱን የመደቡት፣ ጥሬ ቆዳ በኖራ ተዘፍዝፎ ፀጉሩን የሚለቅበት ክፍል ውስጥ ነው። የክፍሉ ሽታ በሳሙና አይለቅም። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ያለ ሰው መስኮት ሲከፍት በእሱ የተነሳ መሆኑን ያውቃል። እሁድ ጸሎት ቤት ሲሄድ በሩ ሥር ካለችው የመጨረሻ ወንበር አልፎ አያውቅም።

ሽታውን አንስተውበት የማያውቁት አከራዩ አዴ በቀለች ብቻ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። መሬታቸው ለፋብሪካዎች ሲከለል በካሳው ግቢያቸው ውስጥ የሚከራዩ ክፍሎች ሠሩ። ጤፍና ምስር ይዘሩበት ከነበረው ማሳ የተረፋቸው ወንዙ ዳር ያለች ቁራጭ ሳር ናት። እዚያች ላይ ሁለት ላሞች ያሰማራሉ። አመሻሽ ላይ ካለቡ በኋላ ለአጵሎስ ወተት በጣሳ ይዘውለት ይመጣሉ።

"ጠጣ! ኬሚካል ውስጥ ውለህ ወተት ካልጠጣህ ሳንባህ ያልቃል" ይሉታል። ሊከፍል ሲል ይቆጣሉ። "ኢልማ ኮ" ብለው ነው የሚጠሩት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

በኋላ አጵሎስን ፋብሪካው ጓሮ ወዳለው ገንዳ አዛወሩት። ገንዳው ቆሻሻው ውሃ ተጠራቅሞ እንዲታከምበት የተሠራ ነው። ማከሚያው ማሽን ግን ተበላሽቶ ቀርቷል። ዝናብ ሲጥል የፈረቃው ኃላፊ ዳኜ ብቅ ይልና "ክፈተው፣ ጎርፉ ይዞት ይሄዳል" ይላል። አጵሎስ መዝጊያውን ያዞራል። ውሃው አረንጓዴ እየመታው፣ አረፋ እየደፈቀ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ አፉን ከፍቶ ነበር። "ጋሽ ዳኜ፣ ከታች እኮ ከብት ይጠጣል።"

"እና ምን ይሁን? እኔ ልጠጣው?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። አጵሎስም አብሯቸው ሳቀ። ሳቁ ገና ከአፉ ሳይወጣ ፊቱ ጋለ።

በ2008 ክረምት ማብቂያ ላይ ከአዴ በቀለች ላሞች አንዷ፣ ዳለቻዋ፣ እርጉዝ እንደሆነች ሞተች። አጵሎስ ከሥራ ሲመለስ ጎረቤት ተሰብስቦ በገመድ እየጎተታት ነበር። እሱም ገመዱን ያዘ። ዕንባው መጣ። አዴ በቀለች ሲያለቅስ አዩት።

ሰው ከተበተነ በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠየቁት። "አጵሎስ፣ አንተ እዚያ ነው የምትውለው። ሰው ውሃው ነው የገደላት ይላል። እውነት ነው?"

"ሳሙና ነው፣ አዴ በቀለች። ቆዳ የታጠበበት ሳሙና። ከብት አይገድልም።"

"እንግዲያው የእግዜር ሥራ ነው" አሉ። አመኑት። ያን ዕለትም ከተረፈችው ላም አልበው ወተቱን አመጡለት። ሊጠጣው አልቻለም። ሊደፋውም አልደፈረም።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ተሰርዟል ከተባለ ወራት አልፈው ነበር፤ መሬቱ የሄደበት ሰው ቁጣ ግን አልበረደም። በመስከረም፣ በኢሬቻ በዓል ላይ ያ ሁሉ ሰው ባለቀ ሰሞን፣ የጅማ መንገድ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ። አጵሎስ የሚሠራበት ፋብሪካም መጋዘኑ ተቃጠለ። ሠራተኛው በጓሮ አጥር ዘሎ ሸሸ። አጵሎስ እየሮጠ ግቢ ደርሶ ክፍሉን ከውስጥ ቆለፈ።

ብዙ ሳይቆይ የሰፈሩ ወጣቶች መጡ። አዴ በቀለች የግቢው በር ላይ ቆሙባቸው።

"የፋብሪካው ሰው እዚህ አለ፤ ያውጡልን" አለ ከፊት ያለው። "ላምዎን የገደለው እኮ የእነሱ ውሃ ነው።"

"እሱ ምን ያውቃል? ላሜ ስትሞት አብሮኝ ያለቀሰ ልጅ ነው። ስለ ውሃው ምንም አያውቅም። በባሌ አጥንት እምላለሁ!"

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በሟቹ አጥንት ሲምሉ ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

አጵሎስ ይህን ሁሉ ከበሩ ጀርባ ሰማ። ቢደበድቡት ይሻለው ነበር። ወጥቶ አዴ በቀለች እግር ሥር ተቀመጠ።

"አዴ በቀለች፣ አውቅ ነበር። ገንዳውን የምከፍተው እኔ ነኝ።"

ወደ እሱ ዞሩ። "ላሚቱ እዚያ እንደምትጠጣስ?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ስጠይቅህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አሁን በባሌ አጥንት በሐሰት አስማልከኝ። በእነዚያ ልጆች ፊት!"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አጵሎስ በአጥሩ ቀዳዳ አያቸው። በየወጣቶቹ ቤት እየገቡ፣ በኋላ እንደሰማው፣ ለእያንዳንዱ እናት መሐላቸው ሐሰት እንደነበረ ነገሩ። ማንም ተመልሶ የመጣበት የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን መንገድ ላይ ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ። አዴ በቀለችም ውጣ አላሉትም፤ ብቻ ደጃፉን ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ ከተማው ሲረጋጋ ፋብሪካው ሠራተኛውን ጠራ። ሌላ እንጀራ ስላልነበረው ሄደ። በበልግ ዝናብ ሲጥል ዳኜ እንደ ድሮው "ክፈተው" አለ።

"አልከፍትም" አለ አጵሎስ።

ዳኜ አልተቆጣም። ዞር ብሎ ዮአብን ጠራ። ዮአብም አጵሎስን ሳያይ መዝጊያውን አዞረ። ውሃው እንደ ሁልጊዜው ወረደ። አጵሎስ በዚያው ወር ሥራውን ለቀቀ፤ ዕቃውን ሲጭን አዴ በቀለች ቤታቸው ውስጥ ነበሩ፤ ሊሰናበታቸው በሩ ድረስ ሄዶ ሳያንኳኳ ተመለሰ።

አጵሎስ ዛሬ ሰበታ አጠገብ ባለችው ዓለም ገና ከተማ የቀን ሥራ ይሠራል። ባለፈው ሰሞን ስንዴ ከታጨደበት ማሳ ላይ መሠረት ሲቆፍር አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው መጡና ምን እንደሚሠራ ጠየቁት።

"ፋብሪካ ነው አባባ። የቀለም ፋብሪካ" አላቸው። "ስለ ወንዙ ከአሁኑ ጠይቁ። ቆሻሻው ወዴት ነው የሚሄደው ብላችሁ ጠይቁ።"

"ማንን ልጠይቅ ልጄ?"

ማንን እንደሚጠይቁ እሱም አያውቅም። ሽማግሌው መልስ እየጠበቁ ቆሙ። አጵሎስ ቀና ብሎ ሊያያቸው አፈረ፤ አካፋውን አንስቶ መቆፈሩን ቀጠለ።