የጭቃ ጎማ በታኅሣሥ

መካኒሳ አቦ ላደገ ሰው ስለ ጭቃ አስተማሪ አያስፈልገውም። ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ያለው ሁሉ የገበሬ ማሳ ነበር፤ መሬቱም መረሬ ነው፣ ክረምት ሲገባ ጫማ የሚያስቀር ጥቁር አፈር። ስለ ድንጋይና ስለ አሸዋ ያስተማረኝ ግን ባለቤቴ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። የሚነዳትም ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ናት፤ አራቱም እግሯ የሚገፋ፣ ሌላው መኪና ቆሞ የሚያለቅስበትን መንገድ እያጉረመረመች የምታልፍ።

በተጋባን ሰሞን መኪናዋን ደጅ ባቆመ ቁጥር እጄን ይዞ ጎማዎቿን ያስዳብሰኝ ነበር። ለሌላዋ ሙሽራ ሽቶ ይገዛላታል፤ እኔ ላስቲክ እዳብሳለሁ። «ለጭቃ ጥርስ፣ ለአሸዋ ሆድ፣ ለድንጋይ ጎን» ይለኛል። የጭቃው ጎማ ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ነው፤ የያዘውን ጭቃ እየተፋ ይሄዳል፣ ጎኑ ግን ስስ ነው። የአሸዋው ሰፊና ለስላሳ ነው፤ አየሩን ቀነስ ሲያደርጉለት ሆዱን ዘርግቶ ከላይ ከላይ ይሄዳል፤ እዚያ ጥርስ ያለው ጎማ ያሰረ ሰው ጉድጓዱን ራሱ ቆፍሮ ይገባል። የድንጋዩ ደግሞ ጥርሱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ጎኑ ወፍራም ነው፤ ስል ድንጋይ ቢቧጭረው እንኳ ቶሎ አይተረተርም። ትምህርቱ እሱ ካሰበው በላይ ገባኝ።

በደርግ ዘመን የመሥሪያ ቤቱ ሹፌሮች ለተልእኮ የሚሄዱበትን ቦታ ለቤተሰብ እንዳይናገሩ ይታዘዙ ነበር። «ለመስክ ነው» ይላል፣ አለቀ። መስክ ማለት ደግሞ ከጋምቤላ እስከ ኦጋዴን ነው። እኔ ግን ለምን አፌን ላድክም? በማግስቱ የሚሄድ ከሆነ ከግምጃ ቤት የመረጠውን ጎማ አሳስሮ መኪናዋን አመሻሽ ላይ ቤት ይዟት ይመጣል። የሚጠረግ ነገር ባይኖርም መጥረጊያ ይዤ ብቅ እላለሁ። ጥርሳሙን ካየሁ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰፈራ ጣቢያዎቹ ነው። ሰፊውን ካየሁ ወደ ምሥራቅ ነው። ጎነ ወፍራሙን ካየሁ ሰሜን ነው። ሰሜን ደግሞ ያኔ የአቅጣጫ ስም አልነበረም፤ ጦርነቱ ማለት ነበር።

«እኔን ሳታዪ ጎማ?» ይላል እየወረደ።

«አንተማ መች ትናገራለህ፤ ጎማህ ከአንተ ይሻላል» እለዋለሁ።

ይስቅና «ጎሚስታዬ» ይለኛል።

ሰሜን የሄደ እንደሆነ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም ነበር። መኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር በር ላይ ነኝ። እህል አይወርድልኝም፤ ጎረቤት ደህና አደርሽ ሲለኝ እንኳ እቆጣለሁ። ሲመለስ ቀሚሴ ሰፍቶኝ፣ ጉንጬ ጎድጉዶ ያገኘኛል። አንድ ጊዜ ትክ ብሎ አይቶኝ «እንዲህማ ከሆንሽ ከእኔ በፊት አንቺ ታልቂያለሽ» አለኝ። ሲያሾፍብኝ መስሎኝ ወጡን ላሞቅ ተነሣሁ።

በመጨረሻ የሄደው በታኅሣሥ ነው። የሰፈሩ ገበሬ ጤፉን አውድማ ላይ ያወጣበት፣ መረሬው ተሰነጣጥቆ አቧራ የሆነበት ወቅት ነበር። መኪናዋን ሳላያት በድምፅዋ አወቅኋት፤ የጭቃ ጎማ ደረቅ መንገድ ላይ የተለየ ጩኸት አለው። ወጥቼ አየሁ። አራቱም ጥርሳም፣ ተጠባባቂው ስኮርታም ጥርሳም።

«በዚህ በጋ የጭቃ ጎማ?» አልኩት።

«ኢሉባቦር ዝናብ መች ያቋርጣል ብለሽ?»

ከዚያ በፊት የሚሄድበትን ቦታ በስሙ ጠርቶልኝ አያውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ያጠራጥረኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ደስታ አፍኖኛል። ጋቢውን አጣጥፌ ሳቀርብለት «ተይው፣ እዚያ አይበርድም» አለኝ። የዝናብ ልብሱን ብቻ አሲዤ ሸኘሁት። ለእናቱም «ምዕራብ ነው፣ ሐሳብ አይግባዎት» እያልኩ እሳቸውን ማጽናናት የእኔ ሥራ ሆነ።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ማለዳ የእድራችን ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። በማለዳ ተሰብስቦ የመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም አሳዘኑኝ።

«አባቶቼ፣ ቤት ተሳስታችኋል» አልኳቸው። «የእኔ ባል ኢሉባቦር ነው።»

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ ትልቁ።

«አልቀመጥም። የጭቃ ጎማ ነው ያሰረው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። በጭቃ ጎማ ሰሜን የሚሄድ ሹፌር የለም። እናንተ የምትፈልጓት የሌላ ሰው ሚስት ናት፤ ሂዱና እሷን ንገሯት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐዘን ያሳበደኝ መሰላቸው። ከኋላቸው የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ፣ እሱም ሹፌር፣ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ቆሞ ነበር። የምለው ነገር ከሁሉም ለእሱ ገብቶታል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።

አስከሬን አልመጣልንም፤ ያለ አስከሬን ለቅሶ ተቀመጥን። ባልደረባውን አጠገቤ አስቀምጬ ንገረኝ አልኩት።

«ከእኔ ኋላ ነበር» አለ። «ከወልዲያ ወዲያ ድንጋዩ የጎማውን ጎን ተረተረው። ስኮርታውን አሰረ፤ እሱም ብዙ አልሄደም። መኪኖቹ እንዳይቆሙ ታዘናል። ‹ሂድ፣ ጠግኜ እደርስብሃለሁ› አለኝ። ትንሽ እንደሄድን ተኩሱን ሰማን። ልመለስ ስል እኔንም እጄን መቱኝ።»

«የድንጋዩ ጎማ ግምጃ ቤት አልነበረም?»

«ነበረ። እሱን አሳስር ብዬው ነበር። ‹ደሴ ስደርስ እለውጣለሁ› አለ። ደሴ ስንደርስ የሚለወጥ ጎማ ጠፋ።»

«ታዲያ ከዚህ ለምን አስሮት አልወጣም?»

ፋሻውን መነካካት ጀመረ። እኔም አልለቀቅሁትም፤ ደጋግሜ ጠየቅሁት። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ «‹እሱን ካየች አትተኛም› አለኝ» አለ።

ባሏ የዋሻት ሴት ትቆጣለች። እኔም ተቆጣሁ፤ ማን አድርግልኝ አለህ እያልኩ በሞተ ሰው ላይ ለዓመታት ተቆጥቼ ኖርኩ። የሚከፋው ግን ቁጣው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ነው። ያን ሁሉ ሳምንት በልቼ፣ ጠግቤ፣ ደህና እደሩ ብዬ ተኝቻለሁ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንደዚያ ሰሞን ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።