የተዋሰው ሙክት

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን የባለቤቴ ወንድም ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ መጣ። የአክሲዮን ገበያ ሥልጠና ጨርሶ ስለነበር ሌላ ጨዋታ የለውም። አማቼ ደግሞ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ጥቂት አክሲዮን ስላላቸው በጥሞና ያዳምጡታል። ነገር የመጣው፣ ውጭ አገር ሰው አክሲዮን ተውሶ እንደሚሸጥ፣ ዋጋው ሲወርድም በርካሽ ገዝቶ መልሶ ትርፉን እንደሚይዝ ሲነግራቸው ነው።

«እና ሰውዬው ፋብሪካዬ እንዲከስር እየጸለየ ነው የሚያድረው?» አሉ።

«ቢጸልይስ ምን ይጎዳል አባባ? ፋብሪካው ደህና ከሆነ አይነካውም።»

«ጸልዮ ብቻ ዝም የሚል ይመስልሃል?»

ልጁ በተግባር ላሳይዎት አለና ጓሮ የታሰረውን ሙክት ተዋሳቸው። አሁን በውድ ሊሸጠው፣ ከበዓል በኋላ ዋጋ ሲወድቅ እኩያውን ገዝቶ ሊመልስ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ጎረቤቶቻችን ግን ረጅሙን ጾም ሊፈቱ ስለነበር ሙክቱ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተሸጠ።

ከፋሲካ በኋላ ግን ሰርግ ተደራረበና በግ አልረክስ አለ። ልጁ ገበያ ደርሶ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ አማቼ በየጠዋቱ «በጌስ?» ይሉታል። ሲጨንቀው አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ እንደ ዋዛ፣ «በሲሬ በኩል የሚመጡት በጎች ያስላቸዋል አሉ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ወሬው ከሻይ ቤቱ በአማርኛ ወጣ፣ ገበያው በኦሮምኛ ተቀበለው፤ እኛ ቤት ሲደርስ ሥጋውን የበላ ሰውም ማሳል ጀምሯል።

ዋጋው ወደቀ። በወደቀው ዋጋ የሚሸጥ ግን ጠፋ፤ ባለበጎቹ ሁሉ በጎቻቸውን ቤት አስቀሩ።

በማግስቱ በግ እያደለቡ የሚተዳደሩት ጎረቤታችን መጡ። «ጋሼ፣ ሰርገኞቹ የእኔን በጎች አንፈልግም አሉኝ» አሉ። «እንኳን ሊያስላቸው አስነጥሰውም አያውቁም።»

አማቼ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ወሬ ማስወራት እኮ በሕግ የተከለከለ ነው» አለ ልጁ። «ተውሶ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።»

«አንተ የቱን ነው ያደረግኸው?»

«ሁለቱንም።»

አማቼ ፈረዱ፦ ከጎረቤታችን አንዱን ሙክት በሰርግ ዋጋ ይገዛል፤ ከዚያ የእንስሳት ሐኪም አስመርምሮ፣ ገበያ መሃል እየጎተተ ወሬው ውሸት መሆኑን ይናገራል። እኔም ለምስክርነት አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ በጉ ጤነኛ ነው አለ። በጉም ሰው ከብቦት ሣሩን እያመነዠከ ዝም ብሎ ቆመ። ልጁ ግን የአሰላ ብርድ መትቶት ስለነበር፣ «ይህ በግ ፍጹም ጤነኛ ነው» ብሎ ሳይጨርስ ሳል ያዘው። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሐኪሙ ባይስቅ ኖሮ ገበያው ይበተን ነበር።

ደግነቱ ሰርገኞቹ ተመልሰው የጎረቤታችንን በጎች ገዙ። አማቼም ሙክታቸውን አገኙ፤ ከፊተኛው ይወፍራል።

ልጁ እስካሁን አልተሸነፈም። «በጎቹ እውነት ታመው ቢሆንስ? ያኔ ከእኔ በቀር ማን ይነግራችሁ ነበር?» ይላል። ለእኔም ልክ ይመስለኛል። አማቼ ፊት ግን አላነሳውም።