በአሮጌው ወህኒ ቤት የተገኘው ቋጠሮ

ኮባ ቅጠል ለመጠቅለያ እንዲለሰልስ እሳት ላይ ለብለብ ሲደረግ የሚወጣው ሽታ ዛሬም በአንዱ ጓሮ በኩል ሳልፍ አፍንጫዬ ላይ ከደረሰ፣ እግሬ ቀጥ ይልና ዞር ብዬ ማን እያየኝ እንደሆነ አጣራለሁ። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ! እሱ ያደገው በሰላም ሰፈር ነው፤ እኔ ያደግሁት ሆሳዕና፣ ከአሮጌው ወህኒ ቤት ጀርባ ነው።

ወህኒ ቤቱ በንጉሡ ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ቤት ሲሆን፣ እስረኞቹ ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወሩ ወዲህ ኦና ቀርቶ፣ ቆርቆሮው ዝጎ፣ የኋላ ግንቡም ተንዶ ከእኛ የእንሰት ጓሮ ጋር ገጥሞ ነበር። ውስጡ እባብ አለ ስለሚባል ልጆች ኳሳቸው ቢገባ እንኳ ተከትለው አይገቡም ነበር። እባቡን በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ግን አንድም አልሰማሁም፤ ወሬውን ከሁሉ አብዝታ የምታወራውም እናቴ ነበረች።

አባቴ የክሊኒክ ድሬሰር ነበር፤ ይህ በሆነበት የደርግ ዘመን ፎንቆ የምትባል የገጠር ከተማ ተመድቦ ቅዳሜ እየመጣ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመለስ ነበር። ቤት የምንውለው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ዮሴፍና እኔ ነበርን። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለብሔራዊ ውትድርና የደረሱ ልጆች ከየቤቱ መታፈስ ጀመሩ፤ አፋሹም የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሄራሞ ነበር፣ ደግሞ ቤቱ ከእኛ በር ፊት ለፊት። አንድ ማለዳ ስነቃ የዮሴፍ መኝታ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። «ሾኔ አጎቱ ዘንድ ሄዷል፤ ለጠየቀሽ ሁሉ እንዲሁ በይ» አለችኝ እናቴ፣ ፊቴን ሳታይ።

መስቀል መጣ። እኛ አገር መስቀል ማለት ልጅ ከያለበት ተጠራርቶ ቤቱ የሚገባበት ነው፤ ልጇ የቀረባት እናት ሥጋው ፊቷ ቀርቦ ታለቅሳለች፣ ጎረቤትም ሊያጽናናት ይመጣል። እናቴ ጠብ የሚል እንባ አልነበራትም። ጭራሽ ቅቤው የሚንጣፈፍ አታካና፣ ያ የቡላ ገንፎ፣ ከድስቱ ከፍላ ጓዳ ስትደብቅ አየኋት።

«የማን ነው?» ብላት፣

«የኔ ነው፣ ምን አገባሽ!» አለችኝ። እናቴ ለወጉ ያህል ቀምሳ የምትነሳ ሴት ነበረች። ነገሩን ቀልቤ አልወደደውም።

ለካ ቀልቡ ያልወደደው ሌላም ሰው ነበር። የሄራሞ ሚስት እትዬ ታደለች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጎመን ስትቀነጥስ ትውልና፣ እናቴ ብቅ ስትል ቀና ብላ፣ «ኮባችሁ ምነው ሳሳ? ምን ብትጠቀልሉበት ነው?» ትላት ነበር።

«ነፋስ ቀዶት ነው፣ እትዬ» ትልና እናቴ ገብታ በሩን ዘግታ መቁጠሪያዋን ታነሳ ነበር። «ይቺ ሴትዮ የባሏ ዓይን ናት፤ ሰላምታ እንኳ እንዳትሰጫት» ብላ አስጠነቀቀችኝ። የእትዬ ታደለች ልጅ ብርቱካን ደግሞ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር መጫወት አቆምኩ።

ኅዳር ላይ፣ ከሰሜን በቅርቡ የተመደበልን መምህር «የፊውዳሉን ሥርዓት ግፍ በዓይናችሁ እዩ» ብሎ ክፍሉን በሙሉ ወደ አሮጌው ወህኒ ቤት ነዳን። እባቡን ፈርተን ተያይዘን ገባን። ግድግዳው ላይ በድንጋይ የተጫሩ መስቀሎች ነበሩ፤ መሬቱ ላይ እግር የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ግንድ ተጋድሟል። መምህሩ «በሉ፣ እስረኛ ብትሆኑ ኖሮ ቀኑን እንዴት ትገፉት እንደነበር ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አስቡ» አለን።

ጨፈንኩ። አንድ ሰው ጀርባውን ለዚያ ቀዝቃዛ ድንጋይ ሰጥቶ ተቀምጦ ታየኝ። የገበያውን ጫጫታ ይሰማል፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው ወይስ ረቡዕ እያለ ከራሱ ጋር ይከራከራል፤ እግር ኮቴ በሰማ ቁጥር ምግብ ይሁን ሞት ሳያውቅ ትንፋሹን ይይዛል። እህት ይኖረዋል፣ እሷም ስትጫወት ድምፅዋ ይሰማው ይሆናል ብዬ ሳስብ፣ ሰውየው ቀና አለና የዮሴፍ ፊት ሆነብኝ። ዓይኔን ገለጥኩ።

ያኔ መምህሩ ከጥግ አንድ የኮባ ጥቅል አነሳ። ምግቡ በጎን ተቀዶ ተበልቶ፣ ቅጠሉ በቃጫ እንደታሰረ የቀረ ነው። «ይኸው! የዚያን ዘመን እስረኛ በቅጠል እንደሚበላ ማስረጃው!» አለ ደስ ብሎት። እኛ የቆጮ ልጆች ነን፤ የቆየ ኮባ በእጅ ሲነካ እንደሚንኮታኮት ማን ይነግረናል? ይህ ገና እርጥብ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ቋጠሮው ነው። የሆሳዕና ሴቶች ቃጫውን ከላይ ያስሩታል፤ እናቴ ግን በትውልድ አገሯ አንጋጫ ከእናቷ በተማረችው ሁለቴ አዙራ ጫፉን በውስጥ ትደብቀዋለች። የዚህም ጫፍ በውስጥ ተደብቆ ነበር።

«እውነት ነው ቲቸር፣ አያቴም እንዲህ ብሎኛል» አለች ብርቱካን። መምህሩ ጥሎት ሲያልፍም ጎንበስ ብላ ጥቅሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለአባቷ ልታሳይ ነው!

ሮጬ ለእናቴ ስነግራት መደቡ ላይ ዘጭ አለች። አፍታ ሳትቆይ አያቴ አንጋጫ ማረፉን የሚያረዳ ሰው መጣ። የአባቷን ለቅሶ የቀረች ልጅ ለምን ቀረች መባሏ አይቀርም። በጓሮው ወደ ወህኒ ቤቱ ሾልካ ያላትን ቆጮ ለዮሴፍ አስቀምጣ ተመለሰችና፣ «እንግዲህ ካወቅሽ አፍሽን ያዢ» አለችኝ። «ሰው መኖሩን ለማወቅ ምግብ አስቀምጠው ይፈትኑት ይሆናል። እኔ ያላሰርኩትን፣ ቢሞትም እንዳይነካ ነግሬዋለሁ።»

የአንጋጫው ለቅሶ አላልቅ አለ። አልቃሹ በመጣ ቁጥር እናቴ «ወየው ልጄ» ትል ነበር፤ ሰው ሁሉ በኀዘን አባቴ ማለቱ ጠፍቷት ነው ይል ነበር። ያስቀመጠችለት ምግብ ካለቀ ከርሟል።

እንደተመለስን ሁለታችንም በፈረሰው ግንብ ሾልከን ገባን። ዮሴፍ አልከሳም፣ አልጠቆረም፤ እኔን አይቶ እየሳቀ፣ «እማዬ፣ ትናንት ሌሊት አስቀምጠሽልኝ የሄድሽው ግን ጨው በዝቶበታል» አለ።

እናቴ ጥግ የተከመሩትን ቅጠሎች እያነሳች አየች፤ ሁሉም የራሷ ቋጠሮ ነበር። ደግነት እንደዚያ ሰው ሲያስፈራ አይቼ አላውቅም። «አውቀውብናል፤ እያደለቡት ነው» አለች።

በፎንቆ ገበያ ቀን ዮሴፍን ቀሚሷን አልብሳ፣ ተረከዙ የሚተርፈውን የላስቲክ ጫማዋን አጥልቃለት፣ ፊቱ እስኪጠፋ የኮባ ሸክም ጫነችበት። ኮባ ተሸክሞ ገበያ የሚወርድ ሰው ከእግሩ በቀር አይታይም። እትዬ ታደለች ደጃፏ ቆማ ነበር። ያንን ተረከዝ አየችው፤ ደህና አድርጋ አየችው። «ይቅናችሁ» አለች።

እናቴ ፎንቆ እስክንደርስ ከኋላችን ኮቴ ስታዳምጥ ሄደች። ማንም አልመጣም። አባቴ ዮሴፍን ተቀብሎ ገጠር ዘመድ ቤት አሻገረው፤ ደርግ እስኪወድቅ እዚያው እርሻ ገፋ። እናቴ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ የዚያን ቤት ደጅ ፊቷን አዙራ ነበር የምታልፈው።

ያረፈችው አምና ነው። ሄራሞ ከሞተ ቆይቷል። እትዬ ታደለች በብርቱካን ተደግፋ፣ ለለቅሶ ቤቱ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ መጣች። አሁን ደግሞ ምን ፈልጋ ነው አልኩ በሆዴ። ዮሴፍ ተቀብሎ ሊፈታ ጣቱን ከላይ ሰደደ፤ ቋጠሮ የለም። ወደ ውስጥ ሰደደ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«እትዬ፣ ይህን ማን አሰረው?»

«ብርቱካን ያኔ ከወህኒ ቤቱ ያመጣችልኝን ፈትቼ መልሼ እያሰርኩ ለመድኩት» አለች። «እናትህ ለቅሶ ስትሄድ ጦምህን እንዳታድር፣ የእሷ እጅ መስሎህ እንድትበላ ብዬ ነው። ሄራሞ የሰው ልጅ ያፍስ ነበር፤ እኔ አንዱን አበላሁ። ጨው ሳላበዛ አልቀርም፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ዮሴፍ ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ለቅሶ ግን እናቴ ይህን ሳትሰማ በመሄዷ ነበር።

ዛሬ ወህኒ ቤቱ ተጠርጎ ጎብኚ ይገባበታል። የሚያስጎበኘው ልጅ «ከንጉሡ ጊዜ ወዲህ ሰው አልኖረበትም» ሲል ሰማሁት። አሁን ለቅሶ ቤት የሚመጣው ምግብ በፌስታል ነው፣ የማን እጅ እንደሆነ አይለይም። እኔ ግን ቅዳሜ ሲደርስ ኮባ ለብልቤ፣ ቆጮ ጠቅልዬ፣ ቃጫውን ሁለቴ አዙሬ ጫፉን እደብቅና ለእትዬ ታደለች አደርስላታለሁ። በሯ ላይ ስደርስ ዛሬም ዞር ብዬ ማን እንደሚያየኝ አጣራለሁ፤ ከዚያ እናቴ ያልረገጠችውን ደጅ ረግጬ እገባለሁ።